ብሩ ተፈታ፤ መሬቱስ?

ባለፈው ቡራዩ እናትህ ቤት ለማኅበር በተሰበሰብንበት ዕለት ከጎረቤታችሁ ከታክሲ ሹፌሩ ጋር የገጠምከውን ክርክር ጥግ ይዤ ሰምቻለሁ። አንተ «ገበያው ራሱን ያስተካክላል፤ የማይታይ እጅ አለው» አልክ። እሱ የጠላ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ያ የማይታይ እጅ ያልከው ኪሴ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም» ብሎ ቤቱን በሣቅ ሞላው። አንተ ቀላህ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሰው ፊት ልጅን ማረም ደግ አይደለም። ደግሞ እውነቱን ልንገርህና፣ በነገሩ ከአንተ ጋር ብሆንም በአነጋገሩ ከሹፌሩ ጋር ነበርኩ።

እንደምታውቀው ዕድሜዬን የፈጀሁት ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ወተትና ድርቆሽ በማመላለስ ነው። አንተ ከመጽሐፍ ያገኘኸውን እኔ ከጀሪካን ነው ያገኘሁት። ከዚህ በታች ያለውን እንደ አጎት ምክር ውሰደው፤ የማይጠቅምህን ተወው።

1. ስለ ገበያ ልትናገር ስትነሣ ሰሚህ ከሚያውቀው ነገር ጀምር። እኔ ብሆን ከወተት እጀምራለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ የሱሉልታ ላም አትጾምም። በጥር የታለበችውን ያህል በመጋቢትም ትታለባለች። ጠጪው ግን 55 ቀን ይጠፋል። የወተት ሰብሳቢው መኪና ይመጣና «ዛሬ የምወስደው ግማሹን ነው» ይላል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ሁለት ላም ያላት አንዲት ባልቴት ጎረቤት አለችኝ። ወተቱ አልሸጥ ሲላት አታማርርም። ታረጋዋለች፣ ትንጠዋለች፣ ቅቤውን አንጥራ ታስቀምጣለች፣ አሬራውን አይብ ታወጣበታለች፤ የተረፈው አጓት ለጥጃ ነው። የፋሲካ ሰሞን ከተማው ቅቤ ቅቤ ሲል እሷ ቅሏን ይዛ ትወጣለች።

ለዚች ሴት ከአንድም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አልደረሳትም። «አሁን ወተት በዝቷል፣ ኋላ ቅቤ ይፈለጋል፣ መናጡ ይሻልሻል» ያላት ዋጋው ነው። ዋጋ ማለት ወሬ ነው፤ ሩቅ ያለ፣ ስሙን የማታውቀው ሰው ምን እንደጎደለውና ምን እንደተረፈው የሚነግርህ ወሬ። ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ሃየክ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ባልቴቷ ስሙን አልሰማችም፤ መስማትም አያስፈልጋትም። አንተ ግን «የማይታይ እጅ» ከምትል ስለ እሷ ብታወራ ኖሮ ሹፌሩ አይስቅብህም ነበር። እናቱ ቅቤ ነጋዴ ነበረች።

2. ወሬ ነጋሪውን ቢያስሩት ወሬው አይለወጥም። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦ፣ በሥጋ፣ በቢራና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። የታሰበው ለድሃው እንደነበር አልጠራጠርም። ከመደርደሪያው ቀድሞ የጠፋው ግን ጣሪያ የተጣለበት ዕቃ ነው። እኔ ራሴ ዘይት ፍለጋ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ ድረስ ወርጄ «አልቋል» ተብዬ፣ ከኋላዬ የመጣው የባለሱቁ ወዳጅ ከመጋዘን ሲወጣለት አይቻለሁ። ጣሪያው ዓመት ሳይሞላው ከአብዛኛው ዕቃ ላይ ተነሣ።

ይህን ረስተኸው ከሆነ፣ ልጅ ስለነበርክ አልፈርድብህም፣ አየር ጤና ሄደህ የሰበታን ታክሲ ጠብቅ። በተለይ በክረምት፣ በመሸበት ሰዓት። መኪናው ላይ የተለጠፈው ታፔላ «ሰበታ» ይላል፤ ረዳቱ ግን የሚጮኸው «ዓለም ገና! ዓለም ገና!» ነው። ዓለም ገና ላይ ትወርዳለህ። ያው መኪና፣ ያው ረዳት፣ በዚያው ቆሞ «ሰበታ! ሰበታ!» ይላል። ሁለቴ ከፍለህ ትገባለህ። ታሪፉ አልተጣሰም፤ መንገዱ ነው የተቆረጠው። ተሳፋሪው ይሳደባል፣ ትራፊክ ይቀጣል፣ በማግሥቱም ይደገማል። ሹፌሩ ነዳጅ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደተሰለፈ፣ ጎማ በስንት እንደገዛ ታሪፉ አይጠይቀውም።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። «ታሪፉ ይነሣ» ብለህ ብቻ ከተውከው ክርክርህ ግማሽ ነው። ታሪፉ የታሰረውን ያህል ስምሪቱም የታሰረ ነው፤ ማን በየትኛው መስመር እንደሚጭን የሚወሰነው በታፔላ ነው። ዋጋውን ፈትተህ መስመሩን ካልፈታኸው፣ ያ ጎረቤታችሁ «ኪሴ ገባ» ያለው እጅ እውነትም ኪስ ውስጥ ይገባል።

3. አሁን ወደ ዶላር እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀው ደውለህ «አጎቴ፣ በመጨረሻ!» ያልከኝን አልረሳውም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። ደስታህን አልነጥቅህም፤ ውሳኔው ትክክል ነበር። ለምን ትክክል እንደሆነ ግን በደንብ ስታስረዳ አልሰማሁህም።

ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57፣ በጓሮ ግን በእጥፉ ገደማ ነበር። በ57ቱ የሚያገኘው ማን ነበር? እኔ አንዲት የወተት ማቀዝቀዣ ላስመጣ ብዬ አንድ ባንክ ተራ ያዝኩ። ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ጸሐፊዋ ልጇን ወልዳ፣ አጥብታ፣ ወደ ሥራ ስትመለስም የእኔ ተራ አልደረሰም። ከእኔ በኋላ የመጡ ሰዎች ዕቃ ግን ገባ። ርካሽ ዶላር ማለት እንግዲህ ለጥቂት ሰው የሚታደል ስጦታ ነው። የስጦታውን ዕዳ የሚከፍለው ቡናውንና ሰሊጡን አምርቶ፣ ያመጣው ዶላር በርካሽ የተመነዘረበት ገበሬ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ሲታገዱም ሱቅ ውስጥ አልጠፉም፤ በጓሮው ዶላር ገቡ፣ በጓሮው ዋጋ ተሸጡ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በእኛ ጊዜ ብር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ለሃያ ዓመት ገደማ ተቸንክሮ ቆይቶ፣ በመስከረም 1985 ዓ.ም በአንድ ቀን 5 ብር ገባ። የተቸነከረ ነገር ሲነቀል ግድግዳውን ይዞ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ጡረተኛ ባለበት ቤት ስለ ምንዛሪ ስታወራ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። እናትህ የደም ግፊት መድኃኒቷን በስንት እንደምትገዛ ታውቃለህ። የዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ፤ መልካም። ሰበታ ፋብሪካ በር ላይ የሚያድረው የግል ዘበኛ ግን እዚህ ስሌት ውስጥ የለም። «ትክክል ነው» እና «አያምም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንተ ስታወራ ይደባለቁብሃል።

4. ዋጋ በናረ ቁጥር «ስግብግብ ነጋዴ» ሲባል ትሰማለህ። ነጋዴ ስግብግብ አይደለም እያልኩህ አይደለም። ግን አምናም ካቻምናም ስግብግብ ነበር፤ ዘንድሮ ምን ተጨመረ?

ወተት ሰብሳቢ ጀሪካኑን ሲቀበልህ መጀመሪያ መለኪያውን ይነክራል። ውኃ ከገባበት መለኪያው ይሰምጣል። ሃያ ሊትር የነበረው ሃያ አምስት ይሆናል፤ ልጅ ግን አያጠግብም። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ሲሸፍን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ብሩን በውኃ አበዛው። ለእኔ ከምንዛሪው መለቀቅ ይልቅ ይህ ብድር መቆሙ ይበልጣል። ብሔራዊ ባንክም ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የባንኮችን የብድር ዕድገት መገደቡን ልብ በል። የዋጋ ንረቱ 30 በመቶን ካለፈበት ከፍታ በኋላ የረገበው ነጋዴው ንስሐ ገብቶ አይደለም።

5. የገበያ ወዳጅ ሁን እንጂ የነጋዴ ጠበቃ አትሁን። ይህን የሚልህ ነጋዴ ነው።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ የሱሉልታ ሜዳ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ በሚታሰርበት ወቅት፣ አምስት ነጋዴዎች አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን «ከገበሬው ከዚህ ዋጋ በላይ ማናችንም አንገዛም» ተባባልን። ተማምለናል ማለት ይቻላል። ሁለት ሳምንት ሠራልን። ገበሬው ይመጣል፣ ያንኑ ዋጋ ከአምስታችንም ይሰማል፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይመለሳል፤ ሰማዩ ደመና ሲይዝ ደግሞ ይሸጣል። አላፈርኩም ነበር፤ አሁን ነው የማፍረው። በሦስተኛው ሳምንት ከሰበታ በኩል አንድ የማናውቀው ሰው ኢሱዙውን እየነዳ መጣና በአንዱ እስር ላይ ጥቂት ብር ጨመረ። በዚያው ቀን ማታ ከአምስታችን ሁለቱ መሐላቸውን በሉ።

ገበያ ማለት ያ ስድስተኛው ሰው ነው። እኛ አምስታችን አልነበርንም። አዳም ስሚዝም ነጋዴዎች ለጨዋታ እንኳ ሲገናኙ ዋጋ ለመጨመር መመካከራቸው እንደማይቀር ጽፏል፤ የአንተ ሰው ነውና አንብበው።

እንግዲህ አዲስ አዋጅ በወጣ ቁጥር «ስድስተኛው ሰው መግባት ይችላል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ስድስተኛ ሰው መጣ፤ ሲም ካርድ ለማግኘት ወረፋ የያዝንበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህን አይንቅም። በ2016 ዓ.ም የውጭ ባለሀብት በጅምላና በችርቻሮ ንግድ እንዲገባ ሲፈቀድ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ደግሞ ምክር ቤቱ ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተውን አዋጅ ሲያጸድቅ የጮኹትን ሰዎች ዝርዝር አይተሃል? ብዙዎቹ ከዚያ በፊት «የግሉ ዘርፍ ይከበር» ሲሉ የነበሩ ናቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ ፋብሪካ ስለተሸጠ ብቻ አታጨብጭብ። የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ በንጉሡ ዘመን ተቋቁሞ፣ በደርግ ተወርሶ፣ በ2004 ዓ.ም ለዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ ዲያጆ መልሶ ሸጠው፤ ገዢውም የጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ነው። ፋብሪካው ከመንግሥት እጅ መውጣቱ አንድ ነገር ነው። ባለመጠጥ ቤቱ የሚመርጠው ጠማቂ መብዛቱ ወይም ማነሱ ሌላ ነው።

6. ደላላን አትርገም። ደላላ ወሬ ይሸጣል፤ ወሬው በግልጽ ሲለጠፍ እንጀራው ይጠፋል። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የእህል ነጋዴውንና የደላላውን ነገር አጥንታ፣ በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ያቋቋመችው ይህን አይታ ነው። በ1994 ዓ.ም በቆሎ ከመጠን በላይ ተመርቶ ዋጋው ወደቀ፤ ገበሬው የማጨጃውን ወጪ እንኳ አይመልስልኝም ብሎ ማሳው ላይ ተወው። በማግሥቱ ዓመት ዝናብ ቀረና ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠበቀ። መጋዘን፣ ብድርና የታመነ ሚዛን ቢኖር ኖሮ ያ በቆሎ ዓመቱን ይሻገር ነበር። ገበያ ሜዳ ብቻ አይደለም። ሚዛኑ፣ መጋዘኑ፣ ውሉን የሚያስከብረው ዳኛ ሁሉ ገበያ ነው። በነገራችን ላይ ቡና በምርት ገበያው በኩል ብቻ እንዲሸጥ በግዴታ መታዘዙን አልወደድኩትም። በግድ የሚገባበት ገበያ ኬላ ነው።

7. ስለ ኬላ ካነሣሁ አይቀር፣ በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለእህሉ ዋጋ ቆርጦ ኮታ ይጥል ነበር፤ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው እህል ማሳለፍ ኮንትሮባንድ ነበር። እኔ እህል አላሳለፍኩም። በጎጃም መንገድ ከእናቴ ቤት ሁለት ቅል ቅቤ ይዤ ስመጣ አንዱን ኬላ ላይ ተወሰደብኝ። ደረሰኝ ጠየቅሁ፤ ልጅ ነበርኩ። የወሰደው ሰው ሣቀና «ሁለተኛውንም ልጻፍልህ?» አለኝ። በየካቲት 1982 ዓ.ም መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅና የእህል ንግዱ ሲፈታ፣ መንገድ ላይ ያሉት የኬላ ገመዶች ተራ በተራ ወደቁ። ገመድ ሲወድቅ ያየ ሰው ዳግም ሲወጠር ቶሎ ይታወቀዋል።

በ2015 ዓ.ም አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ጤፍ ሲጠፋና ዋጋው ሲሰቀል ምን እንደተወራ ታስታውሳለህ፤ ጭነት መኪኖች መንገድ ላይ ቆመዋል ተባለ። ከዶላሩ ነጻነት በፊት ጤፍ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሳይጠየቅ መሄድ አለበት። ለዚህ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር አያስፈልግም።

8. ግብር መክፈል የገበያ ጠላት አይደለም፤ ግምት ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በአምቦና በወሊሶ በኩል ሱቆች ተዘጉ። እኛ ሰፈርም አንዲት ሻይ አፍልታ የምትሸጥ ሴት «ይህን ያህል በቀን ብሸጥ ኖሮ ሻይ አላፈላም ነበር» አለች። ከዚያ የተሻለ ትችት አልሰማሁም።

9. የቤት ኪራይ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም መንግሥት በሚወስነው ልክ እንዲሆን አዝዟል። አንተ ሰበታ ቤት ተከራይተህ የገባኸው ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽተህ ነውና አዋጁን ልትወደው ይገባል፤ ነገር ግን ቁጥጥሩ የሚጠብቀው ውስጥ ያለውን ተከራይ ነው። ገና ሻንጣውን ይዞ ደጅ የቆመው ልጅ ጋ ሲደርስ አከራዩ «ዘመዴ ሊገባበት ነው» ይላል። በአንጻሩ ግን በየሦስት ወሩ ኪራይ ሲጨመርባት ልጆቿን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ያዘዋወረች የእኅትህ ጓደኛም አለች። ለእሷ «አቅርቦት ሲጨምር ይስተካከላል» ብትላት፣ መቼ ብላ ብትጠይቅህ ምን ትላታለህ? አቅርቦቱ የሚጨምረው መሬት ሲገኝ ነው። ስለዚህ ወደ መሬት እንሂድ።

10. እውነተኛ የገበያ ወዳጅ መሆንህን የምፈትነው እዚህ ላይ ነው።

አባቴ፣ አያትህ ማለት ነው፣ ጢሰኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን በሬዲዮ ሰምቶ ሜዳው ላይ ወጥቶ ዘለለ። እኔም አብሬው ዘለልኩ። ስለዚህ ያን ቀን የሚያናንቅ ሰው አልወድም። ነገር ግን ባላባቱ ሲሄድ መንግሥት በቦታው ተቀመጠ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ዘጋው።

አሁን ከተማው ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታ ሲሰፋ ምን እንደሚሆን ቀስ ብለህ አስላ። ገበሬው ለልማት ሲነሣ ካሳው የሚሰላው በመሬቱ ዋጋ አይደለም፤ መሬቱ ዋጋ የለውማ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ትልቁ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ቀድሞ በነበረው አዋጅ ደግሞ የአምስት ዓመት አማካይ በ10 ነበር። ድርቆሹና ገብሱ ተመዝኖ፣ ተባዝቶ ይሰጠዋል። ከዚያ ያው ሜዳ ይሸነሸንና በሊዝ በካሬ ሜትር ይጫረታል። ለገበሬው ሲሆን አዋጅ፣ ለአልሚው ሲሆን ጨረታ። የጨረታውን ዋጋ ገበሬው ከጎረቤት ይሰማል።

በ2006 እና በ2008 ዓ.ም የአዲስ አበባና የዙሪያው ማስተር ፕላን ያን ሁሉ ቁጣ ሲቀሰቅስ፣ በጥር 2008 ዓ.ም እስኪሰረዝ ድረስ ብዙ ተባለ። የማንነት ጥያቄ ነበረበት፣ የሥልጣን ጥያቄም ነበረበት፤ ይህን አልክድም። ከሥሩ ግን በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ገደል ነበር።

ገበያ ደግሞ ስለተከለከለ አይቀርም፤ ይጨልምበታል እንጂ። የጨረቃ ቤት ማለት ይኸው ነው። አንድ ወረቀት፣ ሦስት ምስክር፣ የጣት አሻራ፤ ገበሬው በሌሊት ይሸጣል፣ ገዢው በሌሊት ያጥራል። ሕግ የማያውቀው ውል ስለሆነ ሻጩ በርካሽ ይሸጣል፣ ገዢውም ባንክ ሄዶ አያስይዘውም፣ አፍራሹ በመጣ ቀንም የሚያሳየው ካርታ የለውም። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም ሱሉልታን፣ ቡራዩን፣ ሰበታንና ሌሎቹን ጠቅልሎ ሲቋቋም ሕገ ወጥ የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ቆርቆሮውን ጭኖ የሄደ አንድ ጎልማሳ ኢሱዙዬን ተከራይቶኝ ነበር። የተከፈለኝን ግማሹን መለስኩለት። ሙሉውን መመለስ ነበረብኝ። የፔሩው ኤርናንዶ ደ ሶቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ሀብት የሞተ ካፒታል ይለዋል። እኔ ያየሁት ግን ሲሞት ሳይሆን በዶዘር ሲገደል ነው።

የተቃራኒህን ክርክር አትናቀው። «መሬት ቢሸጥ ገበሬው በክፉ ዓመት ይሸጥና ከነቤተሰቡ ከተማ ዳር ይወድቃል» ይሉሃል። እውነት አላቸው፤ የካሳ ብሩን በሁለት ዓመት ጨርሰው በገዛ ማሳቸው ላይ በተሠራ ፋብሪካ ዘበኛ የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ። ግን ልብ በል፤ እነዚህ ሰዎች መሬታቸውን አልሸጡም። መሸጥ ክልክል ሆኖ ሳለ ነው የተነሡት። ክልከላው ከመነሣት አላዳናቸውም፤ ያሳጣቸው ዋጋ መደራደሩን ነው። ገበሬው «እምቢ» ማለት ባይችል እንኳ «ስንት?» ማለት ይቻለው። የጨረታው ትርፍ ለእሱም ይድረሰው፤ ወይም በሚሠራው ነገር ላይ ድርሻ ይያዝ። በ2011 ዓ.ም ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ማስያዝ የሚፈቅደው አዋጅ ላምን እንኳ ለብድር መያዣ አድርጓል። ላሟ መያዣ ከሆነች የምትግጥበት ሜዳ ለባለቤቱ ዋጋ የሌለው የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ነጻ ገበያ የሚያወሩትን የአንተን መምህራን ሳዳምጥ ስለ ምንዛሪ አንድ ሰዓት፣ ስለ መሬት ሁለት ደቂቃ ነው። ዶላር አያስፈራም፤ መሬት ያስፈራል። አንተ ወጣት ነህ፣ ብትፈራም ተናገረው።

11. ገብረሕይወት ባይከዳኝን አንብብ። የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበር፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም ነው። ካንተ ጎራ አይደለም። ጥሬ ዕቃ የሚሸጥ አገር የተሠራ ዕቃ ከሚሸጥለት አገር ጋር እኩል እንደማይነግድ ከመቶ ዓመት በፊት አስቦበታል፤ ጃፓንንም አጥብቆ ተመልክቷል። ሰበታ ጣቢያ ሄደህ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን 752 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ስታይ፣ «ይህን ገበያው ብቻውን ይዘረጋው ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቅህ እሱ ነው። ብድሩ መንግሥት የተበደረው፣ ሐዲዱም መንግሥት ያዘረጋው ነው። ለጥያቄው እስካሁን ደህና መልስ የለኝም። አንተ ካገኘህ ንገረኝ።

12. ቅዳሜ ስትመጣ ሰበታ ላይ የፍሩሽካ ዋጋ ጠይቀህ ና፤ የሱሉልታው ተወዶብኛል። ከአንድ ሰው ብቻ አትጠይቅ። ከሦስቱ ጠይቅና ሦስቱም አንድ ዋጋ ከነገሩህ፣ ገፋ ብለህ ከገበያው ዳር ያለውን አራተኛውን ፈልግ።